ጋሽ ገብረአምላክ ያዳመጧት መኪና

ቂርቆስ አካባቢ መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሞተርህ ክፉ ድምፅ ካወጣ ገብረአምላክ ጋ ውሰደው። ሌላው መካኒክ መጀመሪያ ይፈታል፣ ይበትናል፣ ዕቃህን መሬት ላይ እንደ ብቅል ያሰጣል፤ ማሰብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ገብረአምላክ ግን መጀመሪያ ያዳምጣሉ። ኮፈኑን ያስከፍቱና ረጅሟን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክለው፣ እጀታዋን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ቀና ሲሉ "ሦስተኛው ፒስተን ነው" ይላሉ። ተፈትቶ ሲታይ እውነትም ሦስተኛው ነው። አርባ ዓመት እንዲህ እያደረጉ እንጀራቸውን በልተዋል።

እንግዲህ እኚህን ሰውዬ ነው ጆሯቸው የከዳቸው።

ጭራሽ አልደነቆሩም። ጭራሽ መደንቆሩማ በስንት ጣዕሙ! ሰው ያይልሃል፣ ያዝንልሃል፣ አንተም አርፈህ ትቀመጣለህ። የጠፋባቸው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ነው። ወፍራሙ አለ። የሰው ንግግር አለ፣ የከባድ መኪናው ጩኸት አለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለ። መጀመሪያ ያወቁት በወፎች ነው። ካዛንቺስ የነበረው ጋራዣቸው ከነሰፈሩ ተነሥቶ፣ ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ተዳብለው የገቡ ሰሞን "ዛፉን ሲቆርጡ ወፉንም አባረሩት፤ ይኸው ጠዋት እንኳ ድምፁ ጠፋ" እያሉ ሁለት ወር ሙሉ ሲያማርሩ ከረሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትበርህ አንድ ቀን ሰለቻቸው። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና "የምን ወፍ ጠፋ ትለኛለህ? ይኸው ጆሮዬን በሉት እኮ!" አሉ። ጋሽ ገብረአምላክ ወደ ውጭ ተመለከቱ። የጎረቤቱ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ አራት ወፎች ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ምንም ድምፅ አልነበረም።

ከወፎቹ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ሄዷል። ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲገፉት ወይም ቤንዚን ሲያንሰው የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ሽምብራ ያለ፣ ቀጭን ቅጭልጭልታ። መካኒኮች "አንኳኳ" የሚሉት እሱን ነው። ያ ድምፅ ከተሰማ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ ማለት ነው። ጋሽ ገብረአምላክ ስማቸውን የተከሉት በዚያ ድምፅ ነበር። አሁን ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ አይሰሙትም። ለወይዘሮ ትበርህ ካልሆነ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ለማንስ ይነገራል? ልብስ ሰፊ ዓይኑ ሲደክም መነጽር ያደርጋል፣ ማንም አይገረምም። መካኒክ ጆሮው ላይ ማሽን ሰክቶ "እስቲ ሞተርህን ላዳምጠው" ቢል ማን መኪናውን ይሰጠዋል? እንዲሁ በልምድ፣ በማሽተት፣ በጭሱ ቀለም፣ በእጅ እየዳበሱ ቀናቸውን ይገፉ ነበር። ማታ ቤት ሲገቡ የሚደክማቸው ሥራው አልነበረም፤ ማስመሰሉ ነው።

ሩሐማ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የነጋሳ ልጅ ናት። ነጋሳ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ የጋሽ ገብረአምላክ ሠላሳ ዓመት ያልተለየ ደንበኛ ነው። ቀይዋን ትንሽ የጃፓን መኪና መጀመሪያ የነዳት እሱ ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም ለልጁ ለቀቀላት። መኪናዋ ተርቦ አላት። ነጋሳ በኖረ ዘመኑ ተርቦዋን አንድ ቀን በቅጡ አላስነሣትም። ልጅቷ ግን ሌላ ናት። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ባለ ተረከዙን ጫማ አውልቃ ሸራ ጫማ ታጠልቅና ጋራዥ ትገባለች።

ማክሰኞ ዕለት ትንሽ ካርቶን በደረቷ አቅፋ መጣች።

"ጋሼ፣ ኖዝሎቹ መጡልኝ! አራቱም። ከድሮዎቹ እጥፍ ይረጫሉ ማለት ይቻላል። አክስቴ ከዱባይ ይዛልኝ መጣች።"

"መኪናሽ ምን ጎደለባትና ነው?"

"ጉልበት ነዋ! እሁድ አዳማ ውድድር አለ። ባለፈው ዓመት ምን እንደተባልኩ ያውቃሉ? እኔ መጨረሻ ስገባ አስተዋዋቂው በማይክራፎን 'እህታችን አስቤዛ ገዝተው እየተመለሱ ነው' አለ እኮ! ሕዝቡ ሁሉ አሽካካ። ዘንድሮ መጨረሻ ከወጣሁ በቃ፣ ስሜ እዚያው ይቀራል።"

ጋሽ ገብረአምላክ ሳቃቸውን ዋጡት። "አባትሽስ ምን አለ?"

"አባዬማ ያውቁት የለ! 'ገብረአምላክ አዳምጧት ደህና ናት ካለ ሂጂ። ካላለ ቁልፉን አምጪ' ነው ያለኝ። የሌላ ሰው ቃል አልቀበልም አለ።"

እዚህ ላይ መናገር ነበረባቸው። እኔ እንዲህ ተቀምጬ ስፈርድባቸው ቀላል ነው፤ እሳቸውም ግን ያውቁታል። "ልጄ፣ እኔ ጆሮዬ ልክ አይደለም፤ ሌላ ሰው ያዳምጣት" ማለት ስንት ቃል ነው? አልወጣ አላቸው። ካርቶኑን ተቀበሉና "እስቲ እንየው" አሉ።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ከባድ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ተርቦ አየር እየጠቀጠቀ ሞተሩ ውስጥ ያስገባል። አየር ብቻውን ግን ጉልበት አይሆንም፣ ቤንዚን ይፈልጋል። ቤንዚኑን የሚረጩት ኖዝሎቹ ናቸው፤ ለኖዝሎቹ ከቤንዚን መያዣው፣ ከሳልባትዮው፣ እየገፋ የሚያደርሰው ደግሞ ፖምፓው ነው። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ካነሰ ውስጥ ያለው እሳት ከልኩ ያልፋል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ዝም ካሉት ፒስተኑን ይበሳዋል። ስለዚህ ኖዝል ሲተልቅ የመኪናዋ ኮምፒውተርም አብሮ መስተካከል አለበት።

የኮምፒውተሩ ሥራ የናኦድ ነው። ናኦድ እዚያው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ ላፕቶፑን እየሰካ ይሠራል፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉም አያርፍም። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ገብረአምላክ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው የድሮዎቹን ኖዝሎች አንድ በአንድ ነቀሉ፤ የአዲሶቹን የላስቲክ ቀለበት በጣታቸው ጫፍ ዘይት እየቀቡ ጠቅ እያደረጉ አስገቡ። ወገባቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆኖ አልቃና አላቸው። ናኦድ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ያወራል።

"ጋሼ፣ ይሄን የማንኳኳት ሴንሰር አጠፋሁት። ማለቴ፣ አርጅቷል፣ በረባ ባልረባው 'አንኳኳ' እያለ ጉልበቷን ይቆርጥብናል። የእርስዎ ጆሮ እያለ እሱ ምን ይሠራልናል?"

"ፖምፓውስ?" አሉ ጋሽ ገብረአምላክ፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ። "ኖዝሉን አሳድገን ፖምፓውን ብንተወው ይችላል?"

"ይበቃል ጋሼ፣ ቁጥሩን አይቼዋለሁ። ደግሞ እስከ እሁድ ሌላ ፖምፓ ከየት ይመጣል?"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አሉ በልባቸው። በአፋቸው ግን ያሉት "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ነው።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ሦስቱም ወጡ። ጋሽ ገብረአምላክ ለእንዲህ ያለው ሥራ ራሳቸው የሠሩት ቱቦ አላቸው። አንዱ ጫፍ የተደፈጠጠ የመዳብ ቱቦ ነው፤ ከሞተሩ አንድ ቡሎን ሥር ይታሰራል። ከመዳቡ ላይ ረጅም ጎማ ይቀጠልና በመስኮት በኩል ገብቶ ጆሯቸው ላይ ይሰካል። ሩሐማ ትነዳለች፣ ናኦድ ከኋላ ላፕቶፑን ይዞ የተርቦውን ግፊት በጥቂት በጥቂቱ ያሳድጋል፣ ጋሽ ገብረአምላክ ፊት ወንበር ላይ ቱቦውን ይዘው ያዳምጣሉ። አውራ ጣታቸውን ካነሡ ጨምር ማለት ነው። እጃቸውን ከጨበጡ በቃ፣ አንኳኳ፣ መልስ። ናኦድ ራሱ ከሳቸው እጅ ላይ ዓይኑን አያነሣም።

ከጎተራ ማሳለጫ ሽቅብ ተወነጨፉ። የአውራ ጣት ምልክት ሰጡ። ዞረው ተመለሱና እንደገና ሽቅብ። ሌላ አውራ ጣት። መኪናዋ እንደ ወይፈን ተንደረደረች።

"የተርቦዋ ፉጨት ይሰማዎታል ጋሼ? ነፍስ አይደለም?" አለች ሩሐማ፣ ፊቷ በርቶ።

"ያምራል" አሉ ጋሽ ገብረአምላክ። ፉጨት የሚባል ነገር አልሰሙም። በቱቦው ውስጥ የሚመጣው ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነበር፤ ከሱ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

በአራተኛው ዙር እጃቸውን ጨበጡ። ምንም ስለሰሙ አይደለም፣ ስለፈሩ ነው። አርባ ዓመት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ወገብ የራሱ ግምት አለው፤ "አሁንስ በዛ" አላቸውና ጨበጡ።

"አቤት ጆሮ!" አለ ናኦድ ከኋላ። "እኔ እኮ ምንም አልሰማሁም!"

"እኔም!" አለች ሩሐማ።

ናኦድ አንድ ደረጃ መልሶ ፕሮግራሙን ዘጋው። ሩሐማ መኪናዋን ዳር አስይዛ ለአባቷ ደወለች፤ ስልኩን በጋሽ ገብረአምላክ ፊት ያዘችላቸው። "ገብሬ፣ አዳመጥካት?" አለ የነጋሳ ድምፅ። "አዳመጥኳት" አሉ። "ደህና ናት?" አለ። ጋሽ ገብረአምላክ ሩሐማን አዩዋት፤ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። "ደህና ናት" አሉ። ልጅቷ በደስታ መሪውን በሁለት እጇ ደበደበችው።

አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ትበርህ ራት አቀረቡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

"ነገርካት?"

"ምኑን?"

"አታድርቀኝ እስቲ! የምጠይቅህን ታውቀዋለህ።"

"ቀድሜ አስቁሜያቸዋለሁ። ገና ሳይደርስ ነው የጨበጥኩት። ደህና ናት።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተሃል? ወይስ እሱንም አልሰማህም?" አሉ ወይዘሮ ትበርህ። ተናግረው ሲያበቁ አዘኑላቸው፤ ሥጋውን ወደሳቸው ገፋ አደረጉላቸው። "የሰው ልጅ ናት፣ ገብረአምላክ። ንገራት።"

ጋሽ ገብረአምላክ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቆሙ። የሰው ልጅ የሚለው አልነበረም ያስደነገጣቸው። ድንገት ሐሳባቸው ውስጥ የገባው የአዳማ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። አዳማ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ወደ ታች ነው፣ አየሩ ይወፍራል። እዚህ በስሱ አየር የተለካ ሞተር እዚያ ሲወርድ ተርቦው የወፈረ አየር ያገኝና ይጠቀጥቃል፤ የወፈረ አየር ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል፤ ያ አሮጌ ፖምፓ ደግሞ እዚህ ላይ እንኳ የደረሰው በጭንቅ ነው። ስንቱን ሾፌር "ቆላ ስትወርድ ሞተርህ ይርበዋል፣ አትግፋው" እያሉ መክረው የሸኙ ሰው፣ የገዛ እጃቸውን ሥራ ሲሆን ረሱት። አልረሱትም እንኳ፤ እጃቸውን መቼ እንደሚጨብጡ ሲያስቡ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላታቸው ወጣ።

እጃቸውን ታጥበው ስልክ አነሡ። ወይዘሮ ትበርህ አጠገባቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

"ሩሐማ፣ እኔ ነኝ… ስሚኝማ፣ ነገ… ነገ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ታች አየሩ ይለያል። እዚያ ስንደርስ ላዳምጣት።"

"እውነትዎን ነው ጋሼ? ውይ ተባረኩ! እርስዎ ካሉማ ምን እፈራለሁ!"

ስልኩን ዘጉት። ወይዘሮ ትበርህ እንደ መሳቅ አሉ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

"በምንህ ልታዳምጣት?" አሏቸው።

ለነገሩ አንድ ሐሳብ ነበራቸው፤ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ቢያሳርፉ ንዝረቱን ሊይዙት ይችሉ ይሆናል። ይህም ባይሆን አጠገቧ ተቀምጠው "ቀስ በይ፣ ቀስ በይ" ይሏታል። እውነቱን ሳይናገሩ ልጅቷንም ሞተሯንም ማዳን ነበር የፈለጉት። እንዲህ ያለውን መንገድ ያልሞከረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሡ። ናኦድ አልመጣም፤ ቅዳሴ አለብኝ አለ። ሩሐማ ቱቦውን ራሷ አስራ ጠበቀቻቸው፤ ጎማውን በመስኮት አስገብታ "ይኸው ጋሼ፣ ዙፋንዎ" አለቻቸው። የፍጥነት መንገዱ በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ጋሽ ገብረአምላክ ልባቸውን አጀገኑ።

"ሩሐማ።"

"አቤት ጋሼ?"

ዞራ አየቻቸው። ፀጉሯን ጠበቅ አድርጋ አስራዋለች፣ አዲስ ካናቴራ ለብሳለች፤ የሠርግ ቤት ልጅ መስላ ነበር።

"ቀበቶሽን አስረሻል?"

"አስሬያለሁ እንጂ!"

በቃ፣ ልብ ማጀገኑ እዚያ ላይ አበቃ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ በሩን አለፉ።

መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ጋሽ ገብረአምላክ ቱቦውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ግራ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፉ። "ቀስ በይ" አሏት፣ እሷም ቀስ አለች። ደብረ ዘይትን ሲያልፉ ከፊታቸው ሁለት የጭነት መኪና ተከታትለው ይሄዱ ነበር። ሩሐማ "ልቅደማቸው ጋሼ?" አለች። "እስቲ ትንሽ ረገጥ አድርጊና እንያት" አሉ፤ መዳፋቸውን ሊሞክሩ። ረገጠች። ቀይዋ መኪና ተተኮሰች። ጋሽ ገብረአምላክ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመዳፋቸው ጋር ተነጋገሩ። መዳፋቸው የነገራቸው አስፋልቱን ነው፣ ጎማውን ነው። ሌላ ምንም አልነበረም። ጌታዬ ዛሬን አሳልፈኝና ነገ እነግራታለሁ፣ ብለው መጸለይ ጀመሩ። ሩሐማ ሁለቱን መኪና ቀደመች፣ ሌላም ጨመረች። እሳቸው ዓይናቸውን አልገለጡም።

ሞጆ ልትደርስ ስትል "ቧ!" የሚል ድምፅ መጣ። ይህንንማ ሰሙት። መኪናዋ እንደ ደነበረች በቅሎ ተንገጫገጨች፣ ከኋላ ነጭ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች፣ ጉልበቷ ጠፋ። ሩሐማ ዳር አስያዘቻት።

ጋሽ ገብረአምላክ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ማዳመጥ አያስፈልግም ነበር። ዘይቱ በትንፋሽ መውጫው ተተፍቶ ሞተሩን አልብሶታል፤ የተቃጠለ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ፒስተን ተበስቷል። የትኛው እንደሆነ ካልተፈታ አይታወቅም። ውድድሩ አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። መኪናዋ ዛሬ ቀርቶ በወርም አትሄድም።

ሩሐማ አጠገባቸው መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ጋሼ፣ ያ ቅጭል ቅጭል ይል የነበረው እሱ ነው?"

ጋሽ ገብረአምላክ ዞሩ። "የቱ?"

"ከደብረ ዘይት ጀምሮ ሲንቀጫቀጭ አልነበር? እየረገጥኩ በሄድኩ ቁጥር። መጨረሻ ላይማ በጣም ጮኸ።"

"ሰምተሽዋል?" ቁጣቸው ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ድምፃቸው መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። "ሰምተሽ ነው የረገጥሽው? ለምን አልነገርሽኝም? አፍ የለሽም?"

ሩሐማ ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ምን ልንገርዎት ጋሼ? ቱቦው እኮ እርስዎ ጆሮ ላይ ነው! አየሁዎት፤ ዓይንዎን ጨፍነው ረጋ ብለው ያዳምጣሉ። እርስዎ ሰምተው ዝም ካሉ ምንም አይደለም አልኩ። የአዲሶቹ ኖዝሎች ድምፅ ይሆናል አልኩ። እርስዎ እያሉ እኔ ማን ነኝና ነው 'አንኳኳች' የምለው?"

አንድ አውቶቡስ ነፋሱን እየገፋ አለፈ። ጋሽ ገብረአምላክ የኮፈኑን ጠርዝ ያዙ። ደክሟቸዋል። ሁለት ዓመት የተሸከሙትን ነገር ሌላ አንድ እርምጃ የሚያስኬድ አቅም አጡ።

"አልሰማም" አሉ።

"አቤት?"

"አልሰማም፣ ሩሐማ። ቀጭኑ ድምፅ አይሰማኝም። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።"

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ወደ ኋላ እየሄደች ቀኖቹን ስትቆጥር።

"ትናንትና ጠዋትስ?"

"ትናንትናም።"

"ለአባዬ ደህና ናት ሲሉት?"

"ያኔም አልሰማሁም። በግምት ነው።"

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ቱቦውን ነቅላ አናታቸው ላይ ብትሰብረው አይቀየሟትም። ሩሐማ ግን ከመንገዱ ዳር ያለው ብረት ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ለመኪናዋ ነው ያለቀሰችው፣ ለውድድሩ ነው፣ ለሳቸው ነው፣ ማንም አያውቅም። ከዚያ ተነሣች፣ ፊቷን በካናቴራዋ ጫፍ ጠረገች፣ መንገዱን ለሚጠብቁት ሰዎች ደውላ መኪና የሚጎትት ክሬን እንዲልኩላቸው ጠየቀች። ስልኩን ስትጨርስ ወደ ጋሽ ገብረአምላክ ቀረበች፤ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ አፏን ከፈት አደረገች።

"ጋሼ! ፀሐዩ! ከበደዎት! እዚያ! ጥላው ጋ! ይሁኑ!"

ጋሽ ገብረአምላክ ክው አሉ። "ንግግር እሰማለሁ እኮ የኔ ልጅ። የጠፋኝ ቀጭኑ ብቻ ነው።"

"እሺ ጋሼ! አይዞዎት!" አለች፣ የባሰውን ጮክ ብላ። ክፋት የለባትም። ትናንት "ነፍስ አይደለም?" ስትላቸው የነበረችው ልጅ ናት፤ እንዲያውም ዛሬ የበለጠ አዘነችላቸው። ክንዳቸውን ደግፋ ጥላው ሥር ወሰደቻቸው። በእግራቸው ምንም የለባቸውም።

"እሠራታለሁ" አሉ ጋሽ ገብረአምላክ ጥላው ሥር። "ከሞተሩ እስከ ፖምፓው። ራሴው እሠራታለሁ፣ እንደ ፊቷ።"

"እሺ! ጋሼ! እሺ!" አለች ሩሐማ። ሰው ለሕፃን ልጅ እሺ እንደሚለው ነበር።

ክሬኑ ሲመጣ ሦስቱም ፊት ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ፤ ሾፌሩ፣ መሃል ሩሐማ፣ መስኮቱ ጋ ጋሽ ገብረአምላክ። ከኋላ ቀይዋ መኪና ተጭናለች። ሾፌሩ ጠና ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የጋሽ ገብረአምላክን ዘይት የጠገበ እጅ አየና የሙያ ሰው መሆናቸውን ወዲያው ለየ። አንገቱን በሩሐማ ላይ አሳልፎ፣ በአክብሮት፣ በለሆሳስ ጠየቃቸው።

"አባት፣ ምን ሆና ነው? ቴስታ ነው ወይስ ፒስተን?"

ጋሽ ገብረአምላክ ጥያቄውን አጥርተው ሰምተዋል። መልሱንም ያውቁታል። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሩሐማ ቀደመቻቸው።

"እሳቸው አይሰሙም" አለችው፣ በተለመደው ድምጿ፣ እሳቸው እዚያ እንደሌሉ። "እኔን ጠይቀኝ።"

ሾፌሩ ደነገጠ፣ አዘነ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አይዞዎት አባባ!" ብሎ ጮኸባቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ ጋሽ ገብረአምላክ ቀስ ብለው።